ስፖርትና እንቅልፍ፦ የሰሜን ሸዋ የግቢ ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃን፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት። የላይኛው አልጋ ላይ ያለው ልጅ ስልኩን ደረቱ ላይ አስደግፎ ብቻውን ይስቃል። የታችኛው ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫው ስቦ ዓይኑን እንዳፈጠጠ ነው። ሦስተኛው ገና ከሜዳ ገብቶ እርጥብ ካልሲውን እያወለቀ ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ብትመለሱ ሦስቱም አልተኙም። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ደግሞ ክፍል አላቸው።

እኔ ማለዳ ማለዳ ከተማሪዎች ጋር ስፖርት እሠራለሁ። ሶምሶማ ላይ ሆነው የሚጠይቁኝ ስለ እግርና ስለ ሆድ ይመስላችኋል። አይደለም። አብዛኛው ጥያቄ ስለ እንቅልፍ ነው። ደጋግመው የሚመጡትን እዚህ ሰብስቤያለሁ።

ስፖርት እውነት እንቅልፍ ያመጣል? ወይስ ዝም ብሎ ድካም ነው?

ያመጣል። ግን እንደ ኪኒን አይደለም። ዛሬ ሮጦ ዛሬውኑ ድብን ብሎ የሚተኛ ሰው አለ፤ ብዙው ግን ለውጡን የሚያየው ከሳምንታት በኋላ ነው።

ሥራው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛ፣ ነቅተን ስንውል አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይጠራቀማል። እሱ በበዛ ቁጥር እንቅልፍ ይጫነናል። ሰውነቱን ሲያንቀሳቅስ የዋለ ሰው ማታ ላይ ይህ ጫና ይጠነክርበታል። ሁለተኛ፣ ስፖርት ስንሠራ የውስጥ ሙቀታችን ከፍ ይላል፤ ስንጨርስ ቀስ እያለ ይወርዳል። ሰውነት ለእንቅልፍ ሲዘጋጅም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፣ ሙቀቱን ዝቅ ማድረግ። ሦስተኛው ለተማሪ ከሁሉም የሚበልጥ ይመስለኛል፦ ጭንቀትን ያቀላል። አልጋ ላይ ሆኖ ውጤት የሚደምርና የሚቀንስ ልጅ ችግሩ እግሩ አለመድከሙ ብቻ አይደለም።

አዘውትሮ የሚሠራ ሰው ቶሎ ይተኛል፣ ሌሊት የሚባንነው ይቀንሳል፣ ጥልቅ የሚባለው እንቅልፉም ይጨምራል። ጥልቁ እንቅልፍ የሚበዛው በሌሊቱ የመጀመሪያ ክፍል ላይ ነው። ጠዋት ስትነሱ "አረፍኩ" የሚያሰኛችሁ በአብዛኛው እሱ ነው።

ለስንት ሰዓት ያህል ልተኛ?

ከ18 እስከ 25 ዓመት ላለ ሰው የሚመከረው በቀን ከ7 እስከ 9 ሰዓት እንቅልፍ ነው። "እኔ 4 ሰዓት ይበቃኛል" የሚለኝ ልጅ አይጠፋም። ክፍል ውስጥ አገጩን በእጁ ደግፎ ሲያንቀላፋ ግን አየዋለሁ።

ከስፖርት ዓይነቶች ለእንቅልፍ የሚሻለው የትኛው ነው?

ይህን ጥያቄ ሁሌ በጥያቄ ነው የምመልሰው፦ እንቅልፍ የሚነሳህ ምንድን ነው? መድኃኒቱም እንደ በሽታው ነው።

ቀኑን ሙሉ ክፍልና ላይብረሪ ተቀምጠህ ውለህ ማታ ሰውነትህ "ገና ነኝ" የሚልህ ከሆነ፣ ላብ የሚያወጣ ነገር ያስፈልግሃል። ሶምሶማ፣ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ ኳስ፣ ገመድ ዝላይ፣ ኤሮቢክስ። እንቅልፍ ላይ ብዙ የተጠኑት እነዚህ ልብን የሚያሠሩ ስፖርቶች ናቸው፤ ውጤታቸውም ጥሩ ነው። ልክህን የምታውቅበት ቀላል መንገድ አለ። እየሮጥክ ከጓደኛህ ጋር ማውራት ትችላለህ፣ ዘፈን መዝፈን ግን አትችልም። እሱ መካከለኛ ነው። ማውራትም ካቃተህ ከባድ ውስጥ ገብተሃል።

አልጋ ላይ ስትወጪ ሐሳብ የሚጀምርሽ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ፈተና፣ ቤተሰብ፣ ብር፣ ፍቅር፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይመጣል። እዚህ ላይ ቀስ ያሉት ይሻላሉ፦ ሰውነት ማሳሳብ፣ ዮጋ፣ ረጅም ትንፋሽ ማውጣት። ተማሪዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶችም ትንፋሽንና እንቅስቃሴን የሚያጣምሩ ስፖርቶች የእንቅልፍን ጥራት እንደሚያሻሽሉ ደጋግመው አሳይተዋል። ዮጋ እና ታይ ቺ የሚባለው የቻይናዎቹ ዝግ ያለ እንቅስቃሴ ስማቸው አብዝቶ ይነሳል። "ዮጋ የፈረንጅ ነገር ነው" ለሚሉኝ (የህንድ ነው እንጂ) ስሙን ተዉት እላለሁ። ወለል ላይ ጋቢ አንጥፎ ጀርባን፣ ጭንንና ትከሻን ለ15 ደቂቃ ማፍታታት ስም አያስፈልገውም።

ክብደት ማንሳትም ይሠራል። ይህ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። አዘውትሮ ጡንቻ የሚያሠራ ሰው የእንቅልፉ ጥራት ይሻሻላል። ለዚህ የሚያብረቀርቅ ጂም አይጠየቅም። በየሰፈሩ የምናውቀው አለ አይደል፣ ሁለት የቀለም ጣሳ ሲሚንቶ ተሞልቶ መሃሉ ላይ ብረት የተሰካበት? እሱም ክብደት ነው። ፑሽ አፕና ስኳትም (ቁጭ ብድግ) ክብደት ናቸው፤ የሚነሳው የራስህ ሰውነት ነው።

አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ግን "ሳትሰለች በሳምንት አራት ቀን የምትሠራውን" ነው የምለው። ኳስ የሚወድን ልጅ ዮጋ ላይ ብታስቀምጠው በሁለተኛው ሳምንት አታገኘውም።

ስንት ደቂቃ ይበቃል?

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። ከዚያ ሌላ ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያሠራ ነገር። 150ው ለአምስት ቀን ሲካፈል በቀን ግማሽ ሰዓት ነው። ከዶርም እስከ ክፍል ፈጠን ብላችሁ ከሄዳችሁ እሱም ይቆጠራል።

ማታ መሥራት እንቅልፍ ይነሳል ይባላል። እውነት ነው?

ግማሹ እውነት ነው።

ተማሪ እያለሁ ማታ ማታ ኳስ እንጫወት ነበር። ጨዋታው ሲያልቅ 3 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ተሸናፊው ለስላሳ ይጋብዛል፤ ስለዚህ ሰው እግሩ እስኪሰበር ነው የሚጫወተው። ዶርም ገብቼ በቀዝቃዛ ውኃ ተለቃልቄ 4 ሰዓት ላይ አልጋዬ ውስጥ ነኝ። ከዚያስ? ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ትመታለች። የሳትኩትን ኳስ ደግሜ ደግሜ እመታዋለሁ። ሰባት ሰዓት ይሆናል። ያኔ ጥፋቱን የጣልኩት በብርዱ ላይ ነበር።

ብርዱ አልነበረም። በጣም ከባድ የሆነ ስፖርት ከመኝታ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ካለቀ ልብ ገና አልተረጋጋችም፣ ሙቀቱም አልወረደም፣ አንጎልም ገና ሜዳ ላይ ነው። ለመተኛት ጊዜ ይፈጃል። ከዚያ ቀደም ብሎ ያለቀ የምሽት ስፖርት ግን ብዙውን ሰው አይጎዳም፤ እንዲያውም ጥልቅ እንቅልፍን በጥቂቱ ሊጨምር ይችላል። "ማታ ስፖርት ክልክል ነው" የሚለው ወሬ ከልኩ ያለፈ ነው።

የእኔ ምክር፦ 4 ሰዓት የምትተኛ ከሆነ ከባዱን እስከ 2 ሰዓት ጨርስ። ከዚያ በኋላ ወክ ማድረግ ወይም ማሳሳብ ብቻ። ጨዋታው የግድ 3 ሰዓት ላይ ከሆነ ደግሞ ቶሎ አልጋ ላይ አትውጣ። ላብህን ታጠብ፣ ደረቅ ልብስ ልበስ፣ ካልሲ አድርግ። እግር ሲሞቅ እንቅልፍ ቶሎ ይመጣል። የእግርና የእጅ ደም ሥሮች ሰፋ ሲሉ የውስጡ ሙቀት በዚያ በኩል ይወጣል። እናቶቻችን "እግርህን ሸፍን" የሚሉን ይህን ሳያነቡ ነው።

ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቼ ብሮጥስ? ጀግና ተማሪ እንደዚያ ያደርጋል ይሉኛል።

ስንት ሰዓት ተኝተህ? 3 ሰዓት ከሆነ ጎበዝ፣ ሩጥ። 7 ሰዓት ተኝተህ 10 ሰዓት መነሳት ግን እንቅልፍን ለማስተካከል እንቅልፍን መስረቅ ነው።

የጠዋት ስፖርት ትልቁ ጥቅሙ ብርሃኑ ነው። ፀሐይ ወጥታ ውጭ ስትንቀሳቀስ የሰውነትህ ሰዓት "ቀን ተጀመረ" ይላል። ያ ማታ ላይ እንቅልፉን ቀደም ያደርገዋል። ስለዚህ አርፍዶ የሚተኛ ልጅ ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ፣ በብርሃን ቢወጣ ይሻለዋል። በጨለማ መሮጥ ይህ ጥቅም የለውም፤ ጅቡም ውሻውም ሳይረሳ።

ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ ደግሞ ውርጩ አለ። ሣሩ ነጭ ሆኖ በሚያድርበት ማለዳ ከዶርም ወጥቶ ወዲያው መፈትለክ ጡንቻን ያስቆጣል። አሥር ደቂቃ ሰውነት ማሟሟቅ። ኮፍያ። አየሩን በአፍንጫ መሳብ። አስም ያለበት ሰው ፀሐይ እስኪሞቅ ቢጠብቅ ይሻላል።

ከቆላ ነው የመጣሁት። ደብረ ብርሃን ከገባሁ ጀምሮ እንቅልፌ ተበላሽቷል፤ ስሮጥም ትንፋሽ ያጥረኛል።

ሰነፍ ሆነህ አይደለም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የምታገኘው ኦክስጅን ከቆላው ያንሳል። ከ2,500 ሜትር በላይ አዲስ የወጣ ሰው የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ላይ እንቅልፉ ይሳሳል። ትንፋሹ ሌሊት ፈጠን፣ ዘገየ፣ ቆም ይላል፤ ሰውየው ይባንናል። ቀለል ያለ ራስ ምታትም ይኖራል። በአብዛኛው ሰውነት ሲለምድ ይሄዳል።

የፍሬሽ ተማሪ ስህተት እዚህ ላይ ነው። በገባ በሦስተኛው ቀን የደጋ ልጆችን ተከትሎ ይሮጣል። ሁለተኛው ዙር ላይ ጎኑን ይዞ ይቀመጣል። ሌሊት ደግሞ አይተኛም። ከዚያ "ስፖርት አይስማማኝም" ብሎ ይተወዋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት እርምጃ ብቻ ተራመድ። ውኃ ጠጣ፤ ብርድ ነው ብለህ አትተወው። መጠጥና የእንቅልፍ ኪኒን በእነዚህ ሳምንታት አይሆኑም፣ ትንፋሽን ያዳክማሉ። ራስ ምታቱ ከባሰ፣ ትውከት ከመጣ ወይም ተቀምጠህም ትንፋሽ ካጠረህ ወደ ክሊኒክ ሂድ።

እኔ ደግሞ ሸዋ ሮቢት ነው የምማረው። የእኛ ችግር ሙቀት ነው።

ጣርማ በርን አልፎ ቁልቁል የወረደ ሰው ያውቀዋል፤ ጃኬት ደብረ ሲና ላይ ይወልቃል። ለእናንተ ማለዳው ነው የሚሆነው። ከሰዓት በኋላ በሙቀቱ መሮጥ ሰውነትን ያግላል፣ ውኃ ይጨርሳል፣ ማታም መቀዝቀዝ ያቅታል። ከመኝታ በፊት ለብ ባለ ውኃ መታጠብ ይረዳል። መስኮት ከተከፈተ አጎበር አይረሳ፤ ወባው አለ።

ለጂም ብር የለኝም። የስፖርት ጫማም የለኝም።

አበበ ቢቂላ የተወለደው እዚሁ ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ነው። በ1952 ዓ.ም. ጳጉሜን ላይ ሮም ላይ ማራቶን ሲያሸንፍ ባዶ እግሩን ነበር። ይህን የምለው ባዶ እግራችሁን በኮብልስቶን ላይ ሩጡ ለማለት አይደለም። እግሩ ከልጅነቱ የለመደ ሰው ነበር። ጫማ የሌለው ሰው ግን ሣር ላይ መራመድ፣ ዶርም ውስጥ ፑሽ አፕ፣ ስኳትና ፕላንክ (በክርንና በእግር ጣት ቀጥ ብሎ መቆየት) መሥራት ይችላል። ገመድ ዝላይ ከሆነ የልብስ ማስጫ ገመድ ይበቃል። ምድር ቤት ዶርም ካልሆነ ግን ከእናንተ ሥር የተኙትን አስቡ።

ሴት ነኝ። ውጭ መሮጥ አይመቸኝም፤ ለካፊው ብዙ ነው።

አውቃለሁ፤ ብቻሽንም አይደለሽም። ሦስት አራት ሆኖ መውጣት ልክፊያውን ይቀንሰዋል። የማይሆን ከሆነ ዶርም ውስጥ የሚሠራው አያንስም። ግማሽ ሰዓት እስክስታ ያለማቋረጥ ሞክሪ። ትከሻ ብቻ ይመስላል እንጂ በአምስተኛው ደቂቃ ላብ ይመጣል። ልብን የሚያሠራ ስፖርት ማለት ይኸው ነው። ሳቁም ጭንቀት ያቀላል።

ጾም ላይ ነኝ። ልሥራ ልተው?

ቀለል አድርገህ ሥራ። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ከባዱን ከበላ በኋላ ወደ 11 ሰዓት ግድም ቢያደርገው ይሻላል። ረመዳን የሚጾሙት ደግሞ ካፈጠሩ በኋላ ትንሽ ቆይተው ወክ ቢያደርጉ ጥሩ ነው፤ የሌሊት እንቅልፋቸው በስሑር ስለሚቆረጥ ከባድ ስፖርት አይጨመርበትም። ስግደትም እንቅስቃሴ መሆኑን አንርሳ። ሕማማትን ሲሰግድ የዋለ ሰው ጭኑን ይጠይቅ። ለጾም ምግብ የእኛ አገር ገብስ ምን ይወጣለታል፦ ከስፖርት በኋላ አንድ ብርጭቆ በሶ። ሆድን አይከብድም፣ ርቦህም አትተኛም።

ስፖርት እየሠራሁ ነው፤ ግን አሁንም እንቅልፍ የለም። ምን ላድርግ?

ቡናውን ንገረኝ። ካፌይን ሰውነት ውስጥ ግማሹ ለመውጣት ወደ 5 ሰዓት ያህል ይፈልጋል። 11 ሰዓት ላይ የጠጣኸው ቡና 4 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና ውስጥህ አለ። የሚሠራውም ያንኑ አዴኖሲን በመከልከል ነው። በሩጫህ ያመጣኸውን እንቅልፍ ቡናህ በር ላይ ያቆመዋል ማለት ነው። አቦልን ከምሳ በኋላ ጠጣ፤ ቶናና በረካን ለማታ አታሳድር። ቅዳሜ ማታ ከሆነ ይቅር እላለሁ።

ጫትም እንዲሁ ነው፣ እንዲያውም ይብሳል። "ለችከላ ነው" ይባላል፤ ፈተናው ካለፈ በኋላም ይቀጥላል። ጠላና አረቄ ደግሞ የሚያታልሉ ናቸው። ቶሎ ያስተኛሉ፣ ከሌሊቱ ግማሽ በኋላ ግን እንቅልፉን ይቆራርጡታል። የደብረ ብርሃን አረቄ ስሙ የገነነ ነው፤ ለእንቅልፍ መድኃኒትነት ግን አይደለም።

የፈተና ሳምንት ስፖርቱን ላቁም?

አታቁሙ፣ አሳጥሩት። ያነበባችሁት ነገር የሚደላደለው ስትተኙ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ቸክሎ ጠዋት የሚፈተን ሰው በአንድ እጁ የሰበሰበውን በሌላው ያፈሳል። 20 ደቂቃ ፈጣን እርምጃ፣ ከዚያ ንባብ፣ ከዚያ ቢያንስ 6 ሰዓት እንቅልፍ። ለፈተና ሳምንት አዲስና ከባድ ስፖርት ግን አትጀምሩ። ሰውነት ተሰባብሮ መተኛትም መጻፍም ያስቸግራል።

ቀን ብተኛስ?

20 ደቂቃ፣ ቢበዛ 30። ከ9 ሰዓት በፊት። ሁለት ሰዓት ከተኛህ ማታውን በልተኸዋል።

ለውጥ መምጣቱን በምን አውቃለሁ?

ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት መጠይቅ አለ፤ በ1989 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ፒትስበርግ ውስጥ የተዘጋጀ። ከ0 እስከ 21 ነጥብ ይሰጣል፤ ከ5 በላይ የሆነ ሰው እንቅልፉ ደካማ ነው ይባላል። ተማሪዎች ላይ የሚሠሩ ብዙ ጥናቶች በእሱ ነው የሚለኩት። ለእናንተ ግን አንድ ደብተር ይበቃል። ስንት ሰዓት ተኛሁ፣ ስንት ጊዜ ነቃሁ፣ ስንት ሰዓት ተነሳሁ፣ ምን ሠራሁ። አራት ሳምንት ጻፉ። የአንድ ቀን ክፉ ሌሊት ምንም አይናገርም። አንድ ነገር ታያላችሁ፦ ከመጥፎ ሌሊት ማግስት ስፖርቱን የመዝለል ነገር ይኖራል። ያን ቀን አሥር ደቂቃም ቢሆን ውጡ።

መቼ ነው ሐኪም ጋ የምሄደው?

በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ እንቅልፍ እምቢ ብሎ ሦስት ወር ከሞላው። ዶርም ጓደኞችህ "ስታንኮራፋ ትንፋሽህ ይቆማል" ካሉህ። ስትሮጥ ደረትህን ካመመህ ወይም ራስህን ከሳትክ፣ ያኔ ወር አትጠብቅ፣ የዛሬ ጉዳይ ነው። ምንም ነገር ካስጠላህና መኖር ከከበደህም እንዲሁ ዛሬውኑ ለሰው ንገር። ለዚህ ሩጫ ብቻውን አይበቃም።

የዶርም ጓደኛዬ እስከ 7 ሰዓት መብራት አያጠፋም። ለዚህስ የሚሆን ስፖርት አለ?

የለም። አምፖሉ ላይ ማን እንደሚወስን ቀን፣ በሰላም ጊዜ ተነጋገሩ። እስከዚያ ነጠላ አጥፈህ ዓይንህ ላይ ጣል። ወይም ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቀስቅሰህ ይዘኸው ና፤ እኔ አሮጠዋለሁ።